ጮቄን በአዲሱ ዳሌዬ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

እሺ አለ። ቁርሱን ሳይጨርስ፣ ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ እሺ አለ።

የጌታሁን እሺታ የባል ሳይሆን የዳኛ ነው። በራስሽ እግር ወጥተሽ በራስሽ እግር ከወረድሽ፣ ስለ ተራራ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም፤ ሰው ተሸክሞሽ ወይ ከብት ጭኖሽ ከመጣሽ ግን ተራራ የሚባል ነገር በዚህ ቤት እንዳይነሳ። ይህን አለና ሻዩን ጠጣ። ይሁን አልኩ። ምን ልበል፣ ክረምቱን ሙሉ ስለምነው ከርሜ። እሱም አብሮኝ ሊመጣ ነው፤ ምስክር መሆኑ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ከእኔ ጋር አንዲት ዳገት ወጥቶ የማያውቅ ሰው።

እንግዲህ ቅዳሜ ጮቄ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጫ አጣሁ። ስፌት ቤቴን ከፈትኩ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ኪስ ገልብጬ ሰፋሁ፣ ተረተርኩት፣ መልሼ ገልብጬ ሰፋሁት። ተውኩትና የሺ ዘንድ ሄድኩ። ሱቋን ከሱቄ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ከቅዳሜ ተጓዦች ጋር ያገናኘችኝም እሷ ናት። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ተሰብስበን ተራራ የምንወጣ የደብረ ማርቆስ ሰዎች ነን፤ ጡረተኛ አለን፣ ነርስ አለን፣ እኔ አለሁ። አለሁ ነው ወይስ ነበርኩ? ዳሌዬ ማንከስ ካስጀመረኝ ወዲህ እነሱ ተራራ ይወጣሉ፣ እኔ በስልክ ፎቷቸውን አያለሁ። በስተመጨረሻ የሱቄን ደረጃ እንኳ ግድግዳ ይዤ ነበር የምወጣው። የካቲት ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ቀኙ ተቀየረልኝ። ያለቀውን አጥንት አውጥተው ብረት ተኩበት።

የሺ ዜናውን ስነግራት ጨርቅ ትለካ ነበር። መቀሷን አስቀምጣ አቀፈችኝና «ብቻ ዝናብ እንዳይመታሽ፣ ትዝጊያለሽ» አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ይህንኑ ቀልድ ነግሮኛል። ዛሬ ግን አሳቀኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

እንቅልፍ እንደ ሰው አልተኛሁም። ደስታው ነው ፍርሃቱ፣ መለየት አቃተኝ።

እግሬን የምታሠራኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ደወልኩ። ልጅ እግር ናት፣ ግን ቆፍጣና ናት። «ማዘር፣ መሄዱን ይሂዱ፣ ጡንቻዎ ጥሩ ነው» አለችኝ። ከዚያ የማይሆነውን ዘረዘረች። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አይቀመጡ። እግር አያነባብሩ። እግርዎን አያንፈራጥጡ፤ እሱ ዋናው ነው፣ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። እንዳይወድቁ። መውደቁንስ ማን ፈልጎ ይወድቃል ብላት ሳቀች። ስልኩን ከዘጋሁም በኋላ «ከቦታው ሊወጣ ይችላል» ያለችው ጆሮዬ ላይ ደጋግሞ መጣ።

ከሰዓት እስከ ውትርን ወንዝ ወርጄ ተመለስኩ። መመለሻው ዳገት ነው፣ ደህና ነኝ። መውረጃው ነው ያስጨነቀኝ። ዳገት ሳንባ ነው የሚፈልገው፣ ሳንባ አለኝ። ቁልቁለት ግን ሙሉ ክብደትን ዳሌ ላይ ጥሎ፣ ያዝ እንግዲህ ይለዋል። ጮቄ ደግሞ ወጥተው የሚቀሩበት አይደለም፤ የወጡትን ያህል ይወረዳል።

ቦርሳዬን ሞላሁ። በሶ፣ ውሃ፣ ሹራብ፣ ሌላ ሹራብ፣ ካልሲ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ለጌታሁን ኮፍያ (እሱ አያስብም)። ከበደኝ። አንዱን ሹራብ አወጣሁ። ጮቄ ላይ ያለው ብርድ ትዝ አለኝና መለስኩት። ዱላዬን ከበሩ ጀርባ አውጥቼ ጠረግሁ። ከክራንቹ አጠገብ ነበር ያለው። ክራንቹን ወደ ጓዳ ወሰድኩት፣ ዓይን ለዓይን ባንተያይ ይሻላል።

ጌታሁን ከሥራ ሲገባ ቦርሳውን አየና «ልትሰደጂ ነው?» አለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ማርያም ናት። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ። ሰው ሲሰግድ እኔ አንገቴን ብቻ ደፋሁ፤ እሷ የራጁን ፎቶ አይታዋለች።

ሾፌሩ ደውሎ ነበር። መንገዱ እስከ ዛሬ ክፍት ነው፣ የነገውን ግን ነገ ጠዋት ጠይቄ ነው የማረጋግጥላችሁ አለ። በዚህ ጊዜ ሰውን ከጮቄ የሚያስቀረው ዳሌ ብቻ አይደለም። እንዳይዘጋ እፈራለሁ። ደግሞ የሆነ ቦታዬ፣ እውነቱን ልጻፍ፣ ቢዘጋ ማን ይፈርድብኛል እያለ ይጠይቀኛል። አፈርኩ።

ጌታሁን ደግሞ አያ ካሴ ዘንድ ደወለ። አጎቱ ናቸው፣ ያሳደጉት፣ መኪናው ከሚያወርደን ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ ተራራው እግር ሥር ነው ቤታቸው። በደጃቸው አልፎ ሳይነግሩ መሄድ አይሆንም።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«ዳሌዋን በብረት ቀይረውላት ነገ ተራራ ልትወጣ ነው አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«በስመ አብ አሉ። ከዚያ ሲያማትቡ ሰማሁ።»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ገባን። ዓይኔ እየተከደነ ነው፣ ነገ እጽፋለሁ። ጌታሁን አልጋው ላይ በሆዱ ተኝቶ ያቃስታል።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

አሁን ልጻፈው፣ ሳይበርድ።

መንገዱ ክፍት ነበር። ሚኒባሱ ከመንደሩ በታች ሲያወርደን ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ፣ የሰው ትንፋሽ ሲጨስ፣ ልቤ እንደ ልጃገረድ ትዘላለች። የሺን «በእግሬ ነው የቆምኩት እኮ» አልኳት። «በምን ልትቆሚ ኖሯል?» አለችኝ።

ገና ዳገቱን ስንጀምር አያ ካሴ ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው። አጠገባቸው የተጫነች በቅሎ። ቀይ ግምጃ ያለው ኮርቻ፣ የደብሩ አለቃ ለበዓል የሚቀመጡበትን ለምነው ነው ያመጡት። ላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ጋቢ ታጥፎ ተነጥፏል። «ለዳሌዋ እንዲለሰልሳት ብዬ ነው» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል።

ዱላዬን አጥብቄ ያዝኩ።

«አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ ግን በእግሬ ነው የምሄደው» አልኩ።

«ብረት ተሸክመሽ? እኔ ሞቻለሁ?»

«ዶክተሩ በቅሎ ከልክሎኛል።»

«ዶክተሩ በቅሎ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያ ምን ያውቃል። ነይ ውጪ፣ ጥሩዬ።»

ምን ልበላቸው? እግሬን ማንፈራጠጥ አይፈቀድልኝም ብዬ ለባሌ አጎት፣ በጎረቤት ፊት፣ በምን አፌ ልናገር? በቅሎ ላይ ደግሞ ሌላ አቀማመጥ የለም። በእግር መሄዱ አይጎዳኝም፣ የሚጎዳኝ ይሄ ነው ብዬ ማስረዳትስ እንዴት ይቻላል? ለእሳቸው በሽተኛ በበቅሎ ይወጣል፣ አለቀ። ኮርቻ ተለምኖ የመጣላት ምራት እምቢ ብላ ባዶ በቅሎ ከደጃቸው ብትመለስ ደግሞ አገር ያወራዋል፤ ነውሩ የሳቸው ነው የሚሆነው። የሺን አየኋት፣ ጫማዋን ታስራለች። ጌታሁንን አየሁት። በቅሎዋን ያያል። ከብት ከጫነኝ ተራራ በቤታችን አይነሳም ነበር የተባባልነው፤ እሱ ምን ቸገረው።

ይሉኝታ ክፉ ነው። መውጫው ድንጋይ ላይ ወጣሁ። በእውነት ወጣሁ። ኮርቻውን በእጄ ያዝኩ። ስምንት ወር በሌሊት ስዞር እንኳ በእግሬ መካከል ትራስ አድርጌ የጠበቅሁትን ዳሌ፣ ለይሉኝታ ብዬ ልሰጠው ግራ እግሬን ወደ እርካቡ አነሳሁ።

«አያ» አለ ጌታሁን። «እኔ ብቀመጥባትስ?»

ሁሉም ዞረ።

«ምን ሆነህ?» አሉት አያ ካሴ።

«ጉልበቴን አሞኛል። እናንተን እንዳላሳስብ ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ።»

ጉልበቱን አሞት አያውቅም። ሐሙስ ዕለት የጎረቤታችንን የስሚንቶ ከረጢት ተሸክሞ አይቼዋለሁ። አያ ካሴ ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ ረጅም አድርገው። «ሚስትህ በእግሯ፣ አንተ በበቅሎ» አሉ። «አዎ፣ አያ» አለ አንገቱን ደፍቶ። እሳቸውም በቅሎዋ ባዶዋን ከምትመለስ ብለው ነው መሰለኝ፣ ደግፈው አወጡት። ለእኔ የታጠፈውን ጋቢ ግን ከሥሩ ስበው አነሱበት።

ከዚያ በኋላ ያለው የእሱ ፍዳ ነው። እኔ ዱላዬን ይዤ ፊት ፊት፣ እሱ በቀይ ግምጃ ከኋላ። ድንች የሚቆፍሩ ሰዎች ቀና ብለው እኔን ያያሉ፣ እሱን ያያሉ። አንዲት ሴትዮ እንሥራዋን አውርዳ «ወይ ዘመን» አለች፣ ለእኔ አዝና። አንዱ ገበሬ «ወንድሜ፣ ምነው ታመሃል?» ሲለው «አዎ» ይላል። «ተጎዳህ እንዴ?» «አዎ።» የሺ ከጎኑ እየሄደች «ጌታዬ፣ ልጓሙን ልያዝልዎ?» ትለዋለች። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። አንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን አልተናገረም።

የመጀመሪያው እረፍት ላይ ሌሎቹ ሲርቁ ጠየቅሁት። «ዝም ብትል እኮ አሸንፈህ ነበር።»

«ድንጋዩ ላይ ስትወጪ ፊትሽን አየሁት» አለ።  ኮፍያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ራሱ ላይ ደፋሁለት።

ወጣሁ። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልጽፈው አልችልም። የአስታው ቁጥቋጦ አለቀ፣ የጓሳው ሣር ጀመረ፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ከዚያ ቁመተ ረጅሙ የጅብራ ተክል መታየት ጀመረ። ከእኔ ቀድመው የደረሱት ቁጭ ብለው በሶ ይበጠብጣሉ። ለእኔ ከፍ ያለ ድንጋይ ተፈለገልኝ። ተቀምጬ ታች አየሁ። ማልቀስ አምሮኝ ነበር፣ ግን በሶው አፌን ሞልቶታል።

ቁልቁለቱ እንዳሰብኩት ነው፣ ወይም ከዚያ የባሰ። ዱላ፣ እግር፣ ዱላ፣ እግር። ጌታሁንም ቁልቁለት ላይ በቅሎ መቀመጥ ስለማይቻል ወርዶ ልጓም ይዞ ይከተለኛል፣ እግሩ እንደ ቀስት ጎብጦ። ጓሳው ላይ አመዳዩ ቀልጦ ረጥቧል፣ ቀኝ እግሬ ተንሸራተተ። ወደ ፊት፣ በረጅሙ። ጌታሁን ስሜን ሲጠራ ሰማሁ። ብረቱ ሲይዘኝ ተሰማኝ። ቆመ። ቆምኩ። ሁላችንም ቆምን፣ በቅሎዋም ጭምር። ትንሽ ቆይቼ ጠጋ አድርጌ ረገጥኩት፣ አልጮኸም። ወረድኩ።

አያ ካሴ ደጃቸው ላይ ነበሩ። እኔን በቅሎዋን ቀድሜ ስመጣ አዩ፣ ልጃቸውን እያነከሰ ሲመጣ አዩ። ጠላ አስቀርበውልን ቆይተው ቆይተው ዳሌዬን በዓይናቸው ለኩና «ይኸ ብረት ለጉልበትም አለ ይላሉ፣ እውነት ነው?» አሉኝ።

አለ አልኳቸው። ጉልበታቸውን አሹ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ጌታሁን ሥራ አልገባም። የተላጠው የት እንደሆነ አይጻፍም። ቫዝሊን ገዛሁለት። ቃሉን ጠብቋል፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ስለ ተራራ አንድ ቃል አልወጣውም። የሺ ለኅዳር የት እንደምንሄድ ከወዲሁ እየጠየቀች ነው፣ እኔም ከወዲሁ እየመለስኩ ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። ትናንት ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ከአልጋ ስወርድ እንደገና መጣ። ቀኙ አይደለም። ቀኙ ደህና ነው፣ የሌለ ያህል ነው። ግራው ነው፣ የራሴው አጥንት፤ ብሽሽቴ ውስጥ፣ ቀኙ የዛሬ ሦስት ዓመት እንደ ጀመረው ዓይነት። ወይም እንደዚያ የመሰለኝ። ጡንቻ ሊሆን ይችላል። ያን ያህል ቁልቁለት ወርጄ ጡንቻ ባያመኝ ነበር የሚገርመው።

ልደብቀው ነበር። ቡና ቤት ድረስ እየሄድኩ ስመለስ፣ ግቢውን ስዞር፣ ስፌት ቤት ከፍቼ ስዘጋ ዋልኩ፣ እንዳላነክስ እየተጠነቀቅሁ። በመጨረሻ ገብቼ ነገርኩት። አልነገርኩሽም እንዲለኝ ተዘጋጅቼ ነበር፣ መልሱንም ይዤለት ነበር።

ከትራሱ ቀና ብሎ «የትኛው?» አለ።

«ግራው።»

 «ሐሙስ አብረን ሄደን ራጅ ትነሻለሽ። እስከዚያ ቁጭ በይ» አለ። «ካልሆነም፣ አንዱን የቀየሩት ዶክተሮች ሁለተኛው አያቅታቸውም።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፣ ቀስ ብሎ፣ እያቃሰተ።

ሐሙስ ሩቅ ነው። ቁጭ ልበል ብዬ ሞከርኩ። ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው፣ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ፣ አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን እያሳረፍኩ።