ለፊልም የተቆፈረው መቃብር

ልጄ ናሉጎ፣ በሰው አገር ሰው ይስጥሽ፤ የረገጥሽው መሬት ይደላደልልሽ። እኛ እዚህ ካምፓላ ደህና ነን፤ ዶሮዎቹ ብቻ እንቁላል መጣል አቁመዋል።

ወንድምሽ ካሱሌ በባዶ ኪሱ የሚሠራውን የኢንተርኔት ፊልም አልተወም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ድብድቡ ያስቃል፤ የእንጨት ጠመንጃ ይዘው ካጥራችን ላይ ሲዘሉ ሆዴን ይዤ ነው የምስቀው። ደሙ ግን ቀለም መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ሌላም ያልወደድኩለት ነገር አለ።

ዱባይ ስትሄጂ፣ አንቺ የምትጫወቺውን ተደባዳቢ የሚተካ አጣና "ትሙትና እንገላገል" አለ። ለቀብሩ ጓሯችን ውስጥ ጉድጓድ አስቆፈረ። አያትሽ ሲያዩ፣ "አንተ ቀልደኛ! መቃብር ባዶውን ከተደፈነ ሰው ይጠራል!" ብለው ጮኹበት። ስለዚህ በሬሳ ፈንታ የሙዝ ግንድ፣ ቢጫ ቀሚስሽን አልብሰው ቀበሩ። በሰው ሞት ሁሉ የሚቀልደው የፊልሙ ተራኪ እንኳ እዚያ ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። ካሱሌ "የድምፅ መቅጃው ማሽን ነው እማ" ይላል።

ጎረቤቶች ፊልሙን በስልካቸው አይተው ለቅሶ ሊደርሱኝ መጡ። "ኧረ ፊልም ነው!" ስላቸው፣ "አይዞሽ፣ ቻይው" ይሉኛል።

ከዚያ ወዲህ አልደወልሽም። ዝናቡ ሲገባ ከመቃብሩ ላይ ሙዝ በቀለ፤ ጫፉ ላይ የቀሚስሽ ቢጫ ክር ተጠምጥሟል። ካሱሌ "ልቁረጠው?" ቢለኝ በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝ።

አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ልጄ። ጽሑፍ አትላኪልኝ፤ ደውለሽ ድምፅሽን አሰሚኝ። እስከዚያው ሙዟን ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጣታለሁ፤ ብትደርቅብኝስ?

እናትሽ