ለሻምበሉ የሣልኩት አገር

ታኅሣሥ ፰
እኔ ነኝ የነገርኩት፤ ሌላ ማንም አይደለም።

ጣሊያኑ ሻምበል ያገራችንን ካርታ ያሠራኛል። ፊደል የቆጠርኩ፣ አገር የማውቅ ደብተራ እኔ ብቻ ነኛ! ዛሬ ከደብረ ማርቆሱ ምሽግ ላይ ቆመን በዚያች ሰባራ አማርኛው ይጠይቀኛል። መንገዱ ለምን ይጠማዘዛል? መቃብር ላለመርገጥ። ዛፉ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ የቀረ ለምንድን ነው? በታቦት ዛፍ ላይ መጥረቢያ የሚያነሣ የለማ። ቤቱስ ለምን ተበታተነ? ወንድማማች ርስት ሲካፈል ሁሉም በየድርሻው ላይ ስለሚሠራ። «አገርን አገር የሚያደርገው የሰው ልማድ ነው» አልኩት። ደስ ብሎኝ! አፈር ልብላ።

ከዚያ በመነጽሩ አየና፣ እዚያ ደጅ ጋኑ ሁሉ ታጥቦ የተደፋው ለምንድን ነው አለኝ። የሚካኤል ማኅበር ተራቸው ነው፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት ይጠጣል፤ ተራው የደረሰ ሰው የትም ቢሆን ይመጣል አልኩት።

«ዱር ያለውም?»

«ዱር ያለውም።»

የእህቴ የጥሩነሽ ቤት ነው። ባሏ ደምሴ ዱር ቤቴ ካለ ዓመት አልፎታል።

፱
ሻምበሉ ቤቱን ካርታው ላይ በቀይ ከበበው። ሰው ሊቅ ሲሉት እንዲህ ይጃጃላል?

፲
ሆዴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። ለጥሩነሽ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት።

«ምነው ምላስህን በቆረጠው!»

እውነቷን ነው። ደምሴ የት እንደሚያድር እሷም አታውቅ፣ በማን ይላክበታል? እንግዲያ አንቺ ሽሺ ብላት፣ የሚካኤልን ጽዋ ይዤ ወዴት ልሂድ አለች።

የማኅበሩ ቄስ አባ ወልዴ ብዙ አሰቡና «ማኅበር ያለው ጽዋው ካለበት ነው» አሉ። ጽዋውን ወደ ደጀ ሰላሙ ሊወስዱት ነው። ደምሴ እንደሆነ ሚካኤልን ሳይሳለም ቤቱ አይገባም፤ በሩ ላይ ይጠብቁታል። ይህችን እንኳ ለሻምበሉ አልነገርኩም። ጋኖቹ ጠላቸውን እንደያዙ እዚያው ይቀራሉ፤ ቤቱ ባዶ መሆኑ እንዳይታወቅ።

፲፪
ከምሽጉ እንዳልወጣ ተከለከልኩ። ባንዳ ሲወርድ አየሁ። ከሰዓት በኋላ በእህቴ ቤት በኩል ጭስ ተነሣ። ተኩስ አልሰማሁም። ግን ነፋሱም ወደዚያ ይነፍስ ነበር። ሚካኤል ሆይ፣ የኔን ኃጢአት በደምሴ ላይ አታድርገው።

፲፫
ሻምበሉ ካርታውን ዘረጋና፣ ያ ቤት የለም፣ ሰርዘው አለኝ። ሰረዝኩት።

ሲለቀኝ ወደ ሚካኤል ሮጥኩ። ደምሴ ድኗል! አባ ወልዴ በሩ ላይ ይዘው፣ ጽዋውን አስቀምሰው ወደ ዱሩ መልሰውታል። ቤቱና ጎተራው ግን ዐመድ ሆነዋል። የዓመት እህል ነበር። ጥሩነሽ በለበሰችው ነጠላ ብቻ ደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጣለች።

የሚቀጥለው ተራ የኔ ነው። ጽዋውን ልረከብ መጣሁ አልኩ። ለካ አባ ወልዴ ትናንት ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ለምን ብል፣ የመለሰችልኝ ጥሩነሽ ናት።

«ያንተን ቤት ሻምበሉ ያውቀዋል።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።