ከጀርባችን ያለው ግድግዳ

ግንቦት 3፣ ረቡዕ

ለማንም የማልናገረው ነው። ላፕቶፑን ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። በፌስታል ጠቅልዬ፣ ከቲማቲሙ አጠገብ። ምን ላድርግ? ከልጄ ከፅዮን ጋር የሙከራ ቪዲዮ ጥሪ ጀመርን፤ እሷ ከሥራ ቦታዋ፣ እኔ ከቤት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጭኔን ፈጀኝ፣ ማራገቢያው እንደ ራክሻ፣ እንደ ባጃጅ አጓራ፣ ከዚያ ድርግም።

ማታ ልጄ ውሃ ልትጠጣ ፍሪጁን ከፈተች።

«ማማ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ሞቆት ነው።»

«ወላሂ ለሰው እንዳትናገሪ» አለችኝ።

አልናገርም። እዚህ ደብተሬ ላይ ብቻ። ግን ዓርብ ሽማግሌዎቹ ከካምፓላ በቪዲዮ ሊደውሉ ነው። የልጄ ወዳጅ ቃለአብ ፅዮንን ለትዳር ሊያስጠይቅ። እነሱ እዚህ ካርቱም አይመጡ፣ እኛ እዚያ አንሄድ... እዚያው መሐል ቢጠፋስ?

ግንቦት 4

ላፕቶፑን ሱቅ ዐረቢ ገበያ ወሰድኩት። ያገለገለውን የሸጠልን ጃፋር ነው፤ ዊንዶውሱ ሲንቀራፈፍ አጥፍቶ ሊኑክስ የጫነበትም እሱ። ከፈተውና አቧራውን ነፋው። የካርቱም ግማሽ እዚያ ውስጥ ነበር። «ያ ኡም ፅዮን፣ ማፊ ሙሽኪላ» አለኝ፤ የፅዮን እናት፣ ችግር የለም ማለቱ ነው። ጃፋር ችግር የለም ያለኝ ነገር ሁሉ ችግር ሆኖ ነው የሚያድር።

ማታ ጋሽ ፍስሐ መጡ። የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም፤ በአባቷ ቦታ መልስ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ፣ አሁን ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የአንድ ምግብ ቤት ሒሳብ ይይዛሉ። ክፍላችንን ዞር ዞር ብለው አዩት። ሁለቱን አልጋ፣ የውሃውን በርሜል፣ የጋዙን ሲሊንደር፣ ቀለሙ የተላጠውን ግድግዳ።

«ይሄ ሁሉ ይታያል?»

ፅዮን በጥሪው ላይ ግድግዳችንን የሚሸፍን ፎቶ ከጀርባችን አስገባች። ከጥግ እስከ ጥግ መጽሐፍ የሞላው መደርደሪያ። ጋሽ ፍስሐ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ...

ግንቦት 5፣ ዓርብ



የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ፀጋአብ ገና ከመግባታቸው «እንዴት ያለ የተማረ ቤት ነው የመጣነው» አሉ። መጽሐፉን አይተው። ጋሽ ፍስሐ አልካዱም። «ያው... የዕድሜ ልክ ጥርቅም ነው።»

ማራገቢያው መጮህ ጀመረ። ከሥሩ በረዶ የሞላ ሳህን አድርጌያለሁ። ጥያቄው መጣ። ጋሽ ፍስሐም እንደ ወጉ ኮስተር ብለው፦ «ልጃችን ገና ናት። አንሰጥም።» ወግ ነው። መጀመሪያ እምቢ ይባላል። ቀጥሎ «እስኪ እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይባላል፤ ያኔ ሰጡ ማለት ነው። ለሁለተኛው ቃል አፋቸውን ከፈቱ...

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ሲነሳ ደግሞ ከህረባ፣ መብራቱ ሄደ፣ ዋይፋዩም አብሮት።

ግንቦት 7

ከካምፓላ ምንም የለም። በምሠራበት ጸጉር ቤት ደንበኞቼ «የፅዮን ነገር እንዴት ሆነ?» ይሉኛል። ጥሩ ነው፣ እላለሁ። ጋሽ ፍስሐን በስልክ ይደውሉላቸው ብላቸው ተቆጡ።

«ወለላ፣ የሴት ወገን ደውሎ ኑ ውሰዱልን አይልም።»

ልጅቷ በአንድ ቃል ጉድለት ትቅር?

ግንቦት 8

ቃለአብ ለፅዮን ደወለ። ሽማግሌዎቹ «እምቢ ብለው ፊታችን ላይ ዘጉብን» ብለዋል።

«ላፕቶፑ ነው» አለችው።

«ልክ ከእምቢታው በኋላ?» አላት።

ይሄን ያለበት ድምፅ... አልወደድኩትም። እሱ ለምኗቸው ለፊታችን ዓርብ ደግመው ሊደውሉ እሺ ብለዋል።

ግንቦት 10

ፅዮን ከሥራ ቀርታ ላፕቶፑ ላይ ዋለች። ፕሮሰሰሩን የቱ ፕሮግራም እንደሚበላው የሚያሳየውን ሰሌዳ ከፍታ፣ ጥሪ አስጀምራ ታያለች። ብሮውዘሩ ቪዲዮውን በግራፊክስ ካርዱ መሥራት ሲገባው ሁሉን በፕሮሰሰሩ ላይ ይጭናል አለችኝ። አንድ ነገር አስተካከለች፣ ትንሽ ወረደ። አሁንም ይፋጃል። ከዚያ የመደርደሪያውን ፎቶ አጠፋችው።

ማራገቢያው ዝም አለ።

«ማማ፣ ኻላስ፣ አገኘሁት። የሚያቃጥለው ይሄ ነው። ያለማቋረጥ እኛን ከግድግዳው እየቆረጠ መጽሐፉ ላይ ይለጥፈናል።»

«አንሶላ እንስቀል።»

«አንሶላ አልሰቅልም።»

ጋሽ ፍስሐ ሲሰሙ «መጽሐፉ የት ሄደ ቢሉኝስ?» አሉ።

ግንቦት 12፣ ዓርብ

ላፕቶፑ አልጠፋም። ቢጠፋ በወደድኩ።

አቶ ፀጋአብ ዓይናቸውን አጥብበው ከኋላችን አዩ። «ቤት ቀየራችሁ እንዴ?»

«አዎ... ለጊዜው» አሉ ጋሽ ፍስሐ።

«አልቀየርንም» አለች ፅዮን ከጎናቸው። «ያኛው ፎቶ ነበር።»

የማትታይ ሴት ከወዲያ «መጽሐፉም?» አለች። የሆነ ሰው ሳቀ። ቃለአብ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቷል።

ጋሽ ፍስሐ ያለፈውን ቃል ሊጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ፀጋአብ ቀደሟቸው። «እንግዲህ... እስኪ እኛም እንመካከርበት።»

ይሄን ቃል ከወንድ ወገን ሰምቼ አላውቅም። ከሴት ወገን ሲመጣ እሺ ነው። ከወንድ ወገን ሲመጣ ግን ማፈግፈግ ነው... ድምፁ ደግሞ ምን ያህል ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ጋሽ ፍስሐ ክራቫታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

ግንቦት 14፣ እሑድ

ቃለአብ ደወለ። ፅዮን ከበርሜሉ አጠገብ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ አናገረችው። ልብስ እያጠፍኩ ሰማሁ።

«አንተ እኮ ይሄን ቤት ታውቀዋለህ። አርካዊት ሰፈር እያለህ ስንት ቀን በልተህበታል?»

«ምን ልበል ፅዮን፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው...»

«‹ቤቱን አውቀዋለሁ› ማለት።»

ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስተካክላ «ሽማግሌ አትላክ» አለችው። «ከፈለግክ ራስህ ና። በሩን ታውቀዋለህ።»

«ኢንሻአላህ» አለ።

እዚህ ኖሮ የሄደ ሰው ነው። ከእሺ እስከ እምቢ ስንት ዓይነት ኢንሻአላህ እንዳለ ያውቃል። ልጄም ታውቃለች። ደህና ሁን አለችውና ራሷ ዘጋችው።

አላለቀሰችም። ተነስታ የቀረውን ልብስ አብራኝ አጠፈች። የዱሮዋ ፅዮን ብትሆን ትራሷን አቅፋ ትተኛ ነበር። ነገ ደንበኞቼ ሲጠይቁኝ ጥሩ ነው አልልም። ምንም አልልም። ከመጣ፣ እንዴት አድርጎ በሩን እንዳንኳኳ እዚህ እጽፈዋለሁ። ካልመጣም እጽፈዋለሁ።