ከቦውሊንግ ሥርዓት አስከባሪነት ስለ መሻሬ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ በጥልቅ ሐዘን የማስታውቅሽ ነገር ቢኖር፣ ልጅሽ ከብረታ ብረት ቤታችን የቦውሊንግ ቡድን ሥርዓት አስከባሪነት ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ የተሻረ መሆኑን ነው። ፊሽካዬንም አስረክቤያለሁ።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ እንደምን አለሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም ግድግዳውን ትይዣለሽ ወይስ ተሻለሽ? ዓይንሽስ፣ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት እህቴን መጥራት ተውሽ? እንቅልፍሽስ? አባዬስ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ መስማት ለመደ ወይስ አሁንም ዜናውን ለጎረቤት ሁሉ ያሰማል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ልል ነበር፤ ግን እናቱ ስልክ የማታነሳለት ሰው ደህና ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? በወረቀት የመጣሁት ለዚህ ነው። ወረቀት ቢያንስ ጠርቶ ጠርቶ አይዘጋም። እህቴ ታነብልሻለች፤ የሚያሳፍረው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምጿን ከፍ እንዳታደርግ አደራ በያት።

ቦውሊንግ ማለት፣ ያኔ እንደነገርኩሽ፣ ከባድ ኳስ በለሰለሰ የእንጨት ወለል ላይ እያንከባለሉ ወዲያ ጫፍ የቆሙ እንጨቶችን መጣል ነው። ኳሱ ከመስመሩ ከወጣ በግራና በቀኝ ያለው ቦይ ይውጠዋል፤ ያኔ ድካምሽ ሁሉ ዜሮ። ጫማሽን አውልቀሽ የቤቱን ጫማ ታደርጊያለሽ፤ ከአንቺ በፊት ማን እንዳደረገው አለመጠየቅ ነው። ጨዋታው ቀላል ነው፤ ከባዱ ሰዉ ነው። የኛ ቀለም ቀቢ የብስኩት ላስቲኩን የሚያንኮሻኩሸው ልክ ሰው ሊወረውር ሲንደረደር ነው። «ብልጭታ» የምንለው በያጃችን ደግሞ የተጋጣሚዎቻችን የአናጺዎቹ ተራ ሲደርስ፣ ኳሱ ከእጃቸው ሳይወጣ «ሳተ!» ብሎ ይጮኻል። አንዱ የሰው መስመር ረግጦ ያልፋል፤ ሌላው ኳስ ታቅፎ መሐል ቆሞ ስለ ጥርስ ሕመሙ ያወራል።

ይህን አይቼ ተነሳሁ። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴን ጠቆምኩ፣ ራሴ ደገፍኩ፣ ራሴ አጨበጨብኩ። ፊሽካ ገዛሁ። ቀለም ቀቢውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ብስኩቱን እንዲጨርስ ፈረድኩበት። ብልጭታን ከፊት ወንበር አንስቼ ከኋላ አስቀመጥኩት። ስልክማ ጨርሶ ተከለከለ። «ሰው ኳስ ይዞ ሳለ ስልኩ የሚጮህበት፣ እሱ አሳዳጊ የበደለው ነው!» ብዬ ሁሉም ፊት ቆሜ ተናገርኩ። አሳዳጊ! እማዬ፣ ይህን አፌን ምን ባደርገው ይሻላል?

ከመሻሬ በፊት በነበረው ቅዳሜ ከአናጺዎቹ ጋር እኩል ለእኩል ደርሰን የቀረው የፎርማናችን ኳስ ብቻ ነበር። ፎርማናችን ሲወረውር ብታዪው! ኳሱን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አስጠግቶ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ሰውም አብሮት ይተነፍሳል። እኔም ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ አዳራሹን በዓይኔ ዝም አሰኘሁት። ያኔ ኪሴ ጮኸ።

ስልኬ ደግሞ ጆሮ ላይ የሚሰማበት ነገሩ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ከተነሳ ለአገር ነው የሚያወራው። አጠፋለሁ ብዬ ስደናበር አነሳሁት። «ልጄ! ምነው ድምፅህ ጠፋ? ሆድህ ተፈታልህ ወይስ አሁንም እንደታሰረ ነው? ያ የሚያሳክክህስ? ቅባቱን ሳትተኛ ተቀባ ብዬህ አልነበር?» ፎርማኑ ተንደርድሮ ነበር። ኳሱ ቦይ ገባ። አናጺዎቹ ተቃቀፉ። ፎርማኑ ዞር ብሎ «ማናት?» አለኝ። እኔም በጫጫታው ውስጥ ድምፅሽ አልተለየኝምና «እኔንጃ፣ የማላውቃት ሴትዮ ናት፤ ተሳስታ ነው» አልኩ።

ለካ አልዘጋሁትም። ሰምተሽኛል። ከዚያ በዚያው በሚያስተጋባው ስልክ፣ ቀስ ብለሽ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፤ ቁጥር ተሳስቼ ነው» ብለሽ ዘጋሽ።

ወንድሜ! ብትሰድቢኝ በተሻለኝ። እኔ በሰው ፊት እንዳላፍር ብለሽ ራስሽን ባዳ አደረግሽ። ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል አታነሺም። እህቴን ብጠይቃት «ስልኳ ሲጮህ ታየውና ‹ተሳስቶ ይሆናል› ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች» አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ፊሽካዬን ነፋሁ። ቀለም ቀቢው የብስኩት ጉዳይ መስሎት እጁን ከኪሱ አወጣ። «ያቺ ሴትዮ እናቴ ናት» አልኩ። ፎርማኑ ጫማውን ከማሰር ቀና እንኳ አላለም። «አንተ ሰውዬ፣ የማታውቃት ሴትዮ ሆድህን ምን ቤት ነኝ ብላ ትጠይቅሃለች? ሁላችንም ያኔውኑ አውቀናል። እኔ ያፈርኩት በኳሴ መሰለህ? ባንተ ነው» አለኝ። ቀለም ቀቢውም አፉ ብስኩት እንደሞላ፣ «እንግዲህ አንተ አሳዳጊ የበደለው ሳትሆን አሳዳጊውን የበደለ ነህ» አለ። ዕድሜ ልኬን ካፈርኩት የዚያ ዕለቱ ይበልጣል።

ፊሽካዬን ተቀበሉኝ። ፍርዱም ይህ ሆነ፦ የማንም ስልክ እንደተከለከለ ይቆይ፤ የኔ ግን ኳሶቹ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ድምፁ እንደተከፈተ ይቀመጥ። ወዲያው እዚያው ደወልኩልሽ። አናጺዎቹ ሳይቀሩ ኳሳቸውን አቅፈው ቆሙ። ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። ጫማ የምትሰጠን ሴትዮ «ሌላ ክፍል ትታው ይሆናል» አለች። ማንም አልሳቀም፤ ብልጭታም «ሳተ» አላለም። ከዚያ በኋላ የተወረወረው ሁሉ ቦይ ገባ፤ ሁሉም የሚያየው ያን ዝም ያለ ስልክ ነበርና። ፊሽካ የማያስቆመው ረብሻ እንዳለ ያን ዕለት አወቅሁ። ፎርማኑም «እናትህ ካልደወለች እኛም አናሸንፍም» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ስለዚህ እማዬ፣ በሞትኩት ደውይልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልክ ሰው ሲንደረደር ደውይ። ሆዴንም ማሳከኩንም እንዳሻሽ ጮክ ብለሽ ጠይቂኝ፤ እኔም ጮክ ብዬ እመልሳለሁ። ለጊዜው ሆዴ ደህና ነው፤ ቅባቱ አልቋል።

አባዬን ጉልበቱን ሳምኩ በይልኝ። ይህን እያነበበች ያለችውን እህቴን፣ እዚህ ላይ መሳቋን ትታ ትቀጥል በይልኝ። ታናሽ ወንድሜን የወሰደብኝን ካልሲ በሰላም ይልበሰው በይው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ነገሩን መስማቷ አይቀርም፤ መጨረሻውንም እንድትሰማ እርጂኝ።

«ወንድምሽ» ሳልሆን ልጅሽ።

ከብረታ ብረት ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ማረሚያ፦ ከላይ በደብዳቤው «በጫጫታው ውስጥ ድምፅሽ አልተለየኝም» ተብሎ የሰፈረው ከእውነት የራቀ ሆኖ ስለተገኘ፣ «ገና ‹ልጄ› ሳትይ፣ ትንፋሽሽን ስትስቢ ለይቼሽ ነበር» ተብሎ ታርሞ እንዲነበብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።