አንድ ጉተታ የቀረው ሞተር

ጁን 8
ዝናቡ አባራ። ጎረቤት ሁሉ እርሻው ላይ ነው፤ እኔ ጋራዥ ውስጥ የመኪናችንን ነዳጅ መርጫ ኖዝሎች አጥባለሁ። ስድስት ናቸው። ስድስቱም እኩል ካልረጩ ጉልበት የሚባል ነገር የለም። አራተኛው ዛሬም አስቸገረኝ።

ማርሊስ ከሥራ መጥታ እጇን ሳትታጠብ የሳንድዊቼን ግማሽ በላችው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አሁንም የአባቷን ምሳ ትቀማለች።

«አባዬ፣ የዋዮሚንጎቹ ደወሉ።»
«ምን አሉ?»
«ሥራው ያንቺ ነው አሉ። እስከ ሴፕቴምበር መልስ እሰጣለሁ።»

ዋዮሚንግ ድረስ ሄዶ የማዕድን ማውጫ ገልባጭ መኪና ጥገና። ጎማው ብቻ ከዚህ ጋራዥ በር ይበልጣል። ጎበዝ ናት፣ ለምን አይፈልጓት? እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት ሁለት ብቻ ነን። እሷ ከሄደች... ተወው።

«የካውንቲውን ትርዒት የመኪና ጉተታ ካሸነፍን አንድ ዓመት እጨምርልሃለሁ» አለች እየሳቀች። ቀልዷን ይሁን የምሯን አልጠየቅኳትም። አሥራ አንድ ዓመት ሞክረን አንዴም አላሸነፍንም።

ጁን 14
የዓመቱ የመጀመሪያ የጉተታ ውድድር፤ ማርሊስ ትነዳለች፣ ሞተሩ የእኔ ነው። ሁለተኛ ወጣን። አንደኛ ቨርን ሁስማን... ሌላ ማን ይሆናል?

«አንተ ሽማግሌ፣ መኪናህ እኮ ያስላታል! የሳል ሽሮፕ ስጣት እንጂ ናፍጣ ምን ያደርግላታል!» አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ። አምና ፍሪሲዮናችን ሲቃጠል የራሱን መለዋወጫ አውጥቶ የሰጠን እሱ ነው። ከዚያ በዚያው ቀን አሸነፈን። እዚህ ሰው እንደዚህ ነው፤ ዕቃውን ያበድርሃል፣ ከዚያ ይቀጣሃል።

ግን እውነቱን ነው። አንድ ድምፅ አለ። ከታች።

ጁን 15
ማርሊስ ቤተክርስቲያን ስትሄድ የዘይት ገንዳውን ፈታሁ። የሞተሩን ብሎክ ጠረግሁ፣ ስንጥቅ የሚያሳየውን ቀይ ቀለም ቀባሁ፣ መልሼ ጠረግሁ፣ ነጩን ዱቄት ነፋሁበት። ጠበቅሁ።

በነጩ ላይ ቀይ መስመር ወጣ። ቀጭን። ከሦስተኛው ኩሽኔታ መቀመጫ ተነስቶ ወደ ላይ፣ የጣት ርዝመት።

ጫፉን በመጫሪያ ምልክት አድርጌ አጠገቡ «ጁን 15» ብዬ ብረቱ ላይ ጫርሁ። አባቴ ያስተማረኝ ነው፤ ስንጥቅ ይሄድ አይሄድ የምታውቀው በቀኑ ነው። እሷ ስትመለስ ገንዳው ቦታው ላይ ነበር።

ጁን 17
አልነገርኳትም። ሆድ ይፍጀው።

ጁላይ 12
ሦስተኛ ወጣን። ገንዳውን ደግሜ ፈታሁ። ስንጥቁ ምልክቴን በሁለት ጣት አልፎታል። አዲሱን ቀን ጫርሁ።

የማውቀው የመኪና አራጅ ጋ ሁሉ ደወልሁ። የዚህ ዓይነት ብሎክ ድሮ ቀርቷል። አንዱ «ምናልባት ለገና» አለኝ። ትርዒቱ ኦገስት ላይ ነው፣ ሰውየው የገና ስጦታ ያወራልኛል።

ጁላይ 27
ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስከራከር ዋልሁ። ነዳጁን ከቀነስሁላት ብሎኩ የዓመቱን ጉተታ ይጨርስ ይሆናል፣ እኛ ግን አራተኛ፣ አምስተኛ። ከጨመርሁላት ሁሉንም ትጥላለች። አንድ ጊዜ። ቢበዛ አንድ ጊዜ።

አንድ ጊዜ ይበቃል አይደል?

የነዳጅ ፖምፓውን ብሎን አዙሬ ነዳጁን ጨመርሁ። ነዳጁ መረጨት የሚጀምርበትንም ጊዜ ትንሽ አስቀደምሁት። ከዚያ ስንጥቁን በግራሶ ደፈንሁት፣ ማርሊስ ገንዳውን ብትፈታ እንዳታየው። ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ስነካ እጄ ያፈረው ዛሬ ነው።

ኦገስት 2
ትርዒቱ ነገ ነው። ምንም አልበላሁም።

ኦገስት 3
እንደነበረው ልጻፈው።

ተራ የሚወጣው ከባርኔጣ ነው። ማርሊስ እጇን ሰዳ «1» የሚለውን ቁጥር አወጣች፤ ቀድማ የምትጎትተው እሷ ናት። ቨርን ሳቀ፤ «በሉ ጋሪውን ሞክሩልን!»

መኪናው የሚጎትተው ጋሪ ላይ ያለው ክብደት በሄድክ ቁጥር ወደፊት እየመጣ ይጭንሃል። ሁሉንም ያቆማል፤ ጥያቄው የት ነው። ልጄ ግን አልቆመችም። ጥቁሩ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ የፊት ጎማዎቹ ተነሱ፣ ሦስት መቶውን ጫማ አልፋ የመጨረሻውን መስመር ጥሳ ሄደች። እንደዚያ ስትጎትት አይቻት አላውቅም። አለቀስሁ። አሸነፍን ብዬ አለቀስሁ።

ከዚያ ዳኛው በማጉያው «ጋሪው ቀሏል። ክብደት ጨምረን እንደ አዲስ እንጀምራለን» አለ።

ደንቡ ነው። መጀመሪያ ለሚጎትተው ሰው ጋሪው ከቀለለ ጉተታው አይቆጠርለትም፣ እንደገና ይጎትታል። ይህን ደንብ ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። አንድ ጉተታ ብቻ የቀረው ሞተር ሳስተካክል ግን አንዴም ትዝ አላለኝም። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እኔ መፍራቱንም ረስቼው ነበር።

ወዲያው ወይስ መጨረሻ ብለው ጠየቋት። ሞተሩ ይብረድ ብላ መጨረሻ አለች። ስለዚህ አሥራ አራት መኪና እስኪጎትት ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ የሎሚ ጭማቂ ይዘን። አሥራ አራት መኪና! ለመናገር ስንት ጊዜ ይበቃል? አፌን ስከፍት እሷ ትቀድመኛለች። «አየሃት አይደል አባዬ? አየሃት?» ፊቷ እንደ ልጅነቷ ሆኖ ነበር።

ቨርን ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ጫማ ጎተተና መጣ። «ሂጂ አሸንፊኝ፣ ደክሞኛል» አላት።

ስትነሳ ራስ ቁሯን ይዛ ቆመች። «ደህና ናት? አንድ ነገር የሰማሁ መሰለኝ።»
«ደህና ናት» አልኳት።

መቶ ሰባ ጫማ ላይ ሞተሩ ፈነዳ። ከታች። ዘይቱ ተቀጣጠለ፣ መኪናዋ በእሳት ተሸፈነች። ሮጥሁ። እኔ ሳልደርስ ቨርን በሩን ነቅሎ አውጥቷት ነበር። ግራ እጇ ከአንጓው በላይ ተቃጥሏል። ሐኪሙ ቀላል ነው አለ።

«ይቅርታ አባዬ፣ ሰበርኳት» አለችኝ። እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ! ያኔ እንኳ አልተናገርሁም።

ኦገስት 4
ጠዋት ስገባ ጋራዡ ውስጥ ናት። በደህና እጇ ስብርባሪውን እያነሳች ጠረጴዛው ላይ ትደረድራለች። ለምን እንደፈነዳ ማወቅ ትፈልጋለች። እኔ ያስተማርኳት ነው፣ የተሰበረን ሳታዪ አትጣይ ብዬ።

አንዱን ቁራጭ በጨርቅ ጠረገችው። ወደ መስኮቱ ወሰደችው።

«ጁን 15» ብላ አነበበች። ቁራጩን አዙራ «ጁላይ 12» አለች።



«ይሄ ያንተ ጽሕፈት ነው።»
«ነው።»
«ከጁን ጀምሮ።»
«አዎ።»
«ብትነግረኝ ኖሮ ራሴ እወስን ነበር። ታውቃለህ? ምናልባት እጎትት ነበር። አብረን እናፈንዳት ብዬ እጎትት ነበር።»

እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው አልኳት። ይህን ጮክ ብሎ መናገር ምን ያህል ይቀፋል። ቁራጩን በዝግታ አስቀመጠችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኦገስት 20
ሄደች። መኪናዋን ስትጭን ልረዳት ብወጣ «ቻልኩት» አለችኝ።

ሴፕቴምበር 9
አንድ ልጅ ቱርቦ ይዞ መጣ፣ አስተካክልልኝ ብሎ። ሌላ ሰው ፈልግ አልኩት። ራት የቆርቆሮ ሾርባ።

ኦክቶበር 19
በቆሎ እየታጨደ ነው። አቧራው መስኮት አያስከፍትም።

ማርሊስ እሁድ እሁድ ትደውላለች። አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ስድስት። እጇ ድኗል፣ ጠባሳ ቀርቷል። ዛሬም ጠየቀችኝ፤ ትበላለህ? የደም ግፊት ክኒንህን ትውጣለህ? ቤቱን ታሞቃለህ? በደንብ እበላለሁ፣ እውጣለሁ፣ ይሞቃል አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? «እሺ አባዬ» ብላ ዘጋችው። ድምፅዋ ጥሩ ነበር። ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ከሰዓት ቨርን መጣ። ከአንድ ሰው ጎተራ ብሎክ አግኝቶልኛል፣ ደህና ብሎክ። የት ላውርደው ይላል። እዚያው መኪናህ ላይ ይቆይ አልኩት። አልተቆጣም። በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ሲያዟዙር ቆየ።

«ስማ፣ ብታውቅ ይሻላል» አለኝ። «ልጅህ ካንተ ጋር ጨርሳ ለእኔ ትደውላለች። ሁልጊዜ እሁድ። አንተን የጠየቀችህን እኔንም ትጠይቀኛለች፤ ይበላል ወይ፣ ክኒኑን ይውጣል ወይ፣ ቤቱ ይሞቃል ወይ።»

«ምን አልካት?»

«ያየሁትን ነዋ። ከስቷል፣ ቤቱም በረዶ ነው አልኳት።»

ጥሩ አደረግህ አልኩት።  እሱ ከሄደ በኋላ ማሞቂያውን ለኮስሁ።