ለእንግዶቹ የተሰናዳ ቤት

ነሐሴ 6
ጣሪያው ዛሬም አፈሰሰ። ሳፋ ደቀንኩበት። ከሰዓት በኋላ ልጄ ገላኔ ከጎረቤታችን ከእልፍነሽ ቤት ወሬ ይዛ መጣች። አንድ ድርጅት እናት ወይም አባት ለሌላቸው ልጆች የኮሌጅ ክፍያ ይሸፍናል አሉ። ማመልከት ያለበት አሳዳጊው ነው።
«አባዬ፣ ነርስ የምሆነው በዚህ ብቻ ነው።»
እናቷ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመት። ብቻዬን ሳሳድጋት የማንንም እጅ አላየሁም። አሁን ግን ዓይኔ ብየዳ አስትቶኛል። በምን ላስተምራት?

ነሐሴ 8
ማመልከቻውን ራሴ ጻፍኩ። ድርጅቱ በር ላይ የተቀመጠ ጸሐፊ፣ «አባባ፣ እኔ ልጻፍልዎ። አንባቢውን አስለቅሰዋለሁ» አለኝ።
«ማስለቀስ ካማረህ ለቅሶ ቤት ሂድ» አልኩት። ያለ አስተማሪ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ። ግማሽ ገጽ በቃኝ።

ነሐሴ 16
ከብዙ አመልካች ጥቂት ቀረን። ገላኔም አለችበት! ሐሙስ ቤታችንን ሊያዩ ይመጣሉ።

ነሐሴ 21
ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ። ከባለሱቁ ከኑሬ ሶፋና ምንጣፍ ተዋስኩ። ሳፋውን አልጋ ሥር ከተትኩ። ዶሮም ገዛሁ።
ገላኔ ደነገጠች። «አባዬ፣ የሚመጡት እኮ ችግራችንን ሊያዩ ነው።»
«ቤቴ የገባ ሁሉ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ዱካ ላይ አይቀመጥም።»
«አባዬ...»
«በቃ ብያለሁ!»

ነሐሴ 22
ሁለት ሆነው መጡ። ወጣቱ ፎቶ ያነሳል። ሴትዮዋ ተሻለች ትባላለች። ደህና አድርገው በሉ። «ቤትዎ ደስ ይላል፣ አባባ» አለ ወጣቱ። ኮራሁ...
ተሻለች፣ «ሶፋው የእርስዎ ነው?» አለችኝ።
የተዋስኩት ነው ማለት አቃተኝ። «ቤቴ ውስጥ ያለው ሁሉ የእኔ ነው» አልኩ።
ገላኔ ቀና ብላ አየችኝ። ምን ትበል? እንግዳ ፊት አባቷን ታዋርድ?

ጳጉሜን 2
ስም ዝርዝሩ ወጣ። የእሷ የለም። ሁለቴ አነበብኩት። የለም።
ተሻለች ቢሮዋ አስገብታ ፋይሉን አሳየችኝ። «የተሻለ ኑሮ» ይላል። ፎቶው ተያይዟል፤ እኔም ሶፋው ላይ ተንፈላስሼ...
«የተዋስኩት ነው» አልኩ።
«ያኔ ጠይቄዎት ነበር እኮ፣ አባባ።»
«ኑና እንደገና እዩ!»
«ቦታው ተይዟል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

መስከረም 3
ገላኔን ይቅርታ ልጠይቃት አሰብኩ። ሦስት ጊዜ ስሟን ጠራሁ። «አቤት» ስትለኝ ከአፌ የወጣው «በላሽ?» ብቻ ነው።

መስከረም 12
ዛሬ ሄደች። ወለንጪቲ፣ እህል መጋዘን። ጤፍ ታበጥራለች፤ እዚያው አክስቷ ቤት ታድራለች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት።

መስከረም 20
እልፍነሽ በር ላይ አስቆመችኝ።
«ጋሽ ገመዳ፣ ምን ዓይነት ልጅ ናት? እርስዎ ለፍተው ዕድሉን ቢያመጡላት ጥላው ትሄዳለች?»
«ማን አለ?»
«ራሷ ናታ! ‹አባዬ ሁሉን አድርጎልኝ ነበር፤ ትምህርት የጠላሁት እኔ ነኝ› አለችኝ።»
«ውሸቷን ነው» አልኩ። «ያስቀረኋት እኔ ነኝ።»
እልፍነሽ ሳቀች። «እርስዎ ደግሞ! ለልጅዎ ሲሉ የማይሉት የለ» ብላ ገባች።