እህቱን ያገባው ባለካባ

ማክሰኞ

ይሄ ሰውዬ ዛሬም አልሞተም! የፊልሙ አራተኛ ክፍል ላይ ከነካባው ተቃጥሎ አመዱ ሲበተን በዓይናችን አይተናል። እኔ ራሴ ማይክ ይዤ «ነፍስ ይማር» ብያለሁ፤ ሕዝቡም ከንፈሩን መጥጦለታል። አምስተኛው ክፍል ሲጀምር ሰውዬው ቁጭ ብሎ ቁርሱን ይበላል። እንዴት ተረፍህ ብሎ የሚጠይቀው እንኳ የለም።

ይህን የውጭ ፊልም የሰጡኝ የፊልም ቤቱ ባለቤት ጋሼ ምትኩ ናቸው። አስቀድሜ አየዋለሁ፣ ለቴሌግራም ገጻችን ግምገማ እጽፋለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከስክሪኑ ጎን ተቀምጬ በአማርኛ እተርከዋለሁ። «ግምገማህን ለስለስ አድርገው፣ ገበያ አታበላሽብኝ» አሉኝ። አላደርገውም።

እስከ ግማሹ ያየሁት ይኸው፦ ከተማዋ ለአምስተኛ ጊዜ ፈረሰች። ማን መልሶ እንደሚሠራት አይታወቅም፤ አንድ ግንበኛ፣ አንድ ባሬላ አላየሁም። እኛ ዓባይ ላይ አንድ ድልድይ እስኪያልቅ ስንት ክረምት ጠበቅን! ሰው በሞተ ቁጥር ቀልድ ይቀልዳሉ። ጨለማውማ አይወራ፤ መብራት የሄደ መስሎኝ ሁለቴ ተነሥቻለሁ።

ረቡዕ

የቀረውን አየሁ። ጉድ ሆኛለሁ። መጨረሻው ላይ ባለካባው በአራተኛው ክፍል ያየናትን ዶክተር ያገባል።

ዶክተሯ ደግሞ እህቱ ናት። እህቱ ያደረግኋት እኔ ነኝ። አራተኛው ክፍል የታየው በበዓል ሰሞን ነበር፤ ቤቱ በእናቶችና በሕፃናት ጢም ብሏል። ሁለቱ ተቃቅፈው ሊሳሳሙ ሲሉ ጋሼ ምትኩ እንደ ልማዳቸው ፕሮጀክተሩን በመዳፋቸው ከለሉት። ስክሪኑ ሲጠቁር እኔም ደነገጥሁና «ለካ ይቺ የጠፋች እህቱ ናት!» አልሁ። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረኝም፤ ፊልሙ እስኪያልቅ «እህት ዓለም» ሳሰኘው ዋልሁ።

እዚህ አገር ሰው ሲጋባ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እኔ ቅዳሜ ወንድምና እህት ልድር ነው።

ባለቤቴ ስመኝ በሳቅ ሞተች። «ማደጎ ናት በላቸዋ!» አለችኝ። ምን ዋጋ አለው? የጡት ልጅ እንኳ እንደ ሥጋ ልጅ ነው፤ ማን ይድረዋል?

ሐሙስ

ከፔዳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስመለስ ሐይቁ ዳር እትዬ ባንቻየሁን አገኘኋቸው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ከፊት ወንበር አይጠፉም።

«ያቺ የባለካባው እህት ባል አላገኘችም?» አሉኝ። «ወንድም አይደለ እንዴ፣ ምነው ቢድራት?»

«ሳታገባ አትቀርም፣ እትዬ» አልሁ።

«ደግ ሰው ይሁን ብቻ» ብለው ትክ ብለው አዩኝ። ቶሎ ተሰናብቻቸው ሄድሁ።

ማዶ ያለው ፊልም ቤት ከእኛ የሚበልጥ ስክሪን አስገብቷል። እኛ ዘንድ የሚመጣው ሰው የእኔን አፍ አምኖ ነው የሚመጣው። ዋሾ ከተባልሁ ማን ይመጣል? ጋሼ ምትኩም ቤቱን ይዘጋሉ፣ እኔም ሥራ የለኝ።

በንዴት ግምገማውን ለጠፍሁት፦ «ባለፈው የሞተው ክፉ ሰው መንታ ወንድም ነበረው ተብለናል። የዛሬው ታሪክ እንዲገባችሁ ሌሎች ሦስት ፊልሞች ማየት አለባችሁ። አልቆ እንኳ አላለቀም፤ ስም ዝርዝሩ ካለፈ በኋላ ለስድስተኛው ክፍል ማስታወቂያ ይለቃሉ። እነዚህ ሰዎች ተመልካቹን ሞኝ አድርገው ነው ፊልም የሚሠሩት።» ትንሽ ቀለለኝ።

ዓርብ

ጋሼ ምትኩ መላ አመጡ፤ «ሠርጉ ሲደርስ መብራት ሄደ ብለን እናጥፋው» አሉ። ጄኔሬተር እንዳለን አገር ያውቃል። እጃቸውን ፕሮጀክተሩ ላይ ጭነው ይቆዩ እንዳልል ሠርጉ ረጅም ነው።

ቅዳሜ

ቤቱ ሞላ። እትዬ ባንቻየሁ እንደ ወትሮው ከፊት። ፍንዳታውን ሁሉ በደንብ ተረክሁት። ሙሽሪት ነጭ ለብሳ ስትወጣ ግን ማይኩን ዝቅ አደረግሁት። ሰዉ ዞሮ አየኝ።

ያን ጊዜ እትዬ ባንቻየሁ ብድግ ብለው «እልልልል!» አሉ። ከኋላ ሌላዋ ተቀበለች። ከዚያ ቤቱ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ፤ ቄጤማ ብቻ ነው የቀረን።

እትዬ ባንቻየሁ ሲወጡ ጠብቄ ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣ «ልጄ፣ እህቱ አለመሆኗንማ ያኔውኑ አውቀናል» አሉኝ። «እንዲያ የምታቅፈው ልጅ ናት እህቱ? ለሕፃናቱ ብለህ መሆኑ ገብቶን ዝም አልን እንጂ።»

«ታዲያ የሐሙሱ ጥያቄ?»

«ምን ትለኝ እንደሁ ብዬ ነዋ!» እየሳቁ ሄዱ።

ደስ ብሎኛል፤ አፍሬያለሁም። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሌላ ስንቱን አውቀው አልፈውልኝ ይሆን? ቤት እንደገባሁ ግምገማውን ከፈትሁት። ፊልሙ ያው ከንቱ ነው፣ ያልሁትን አላጥፍም። ተመልካቹን ሞኝ ስለማድረግ የጻፍኋትን መስመር ብቻ አጠፋኋት።